የልጅ ልጆቻችሁ በኮረኮንች መንገድ ወዴት ነው የሚጋልቡት?

ከአሽከሎን ወደ ደቡብ በሚወጣው መንገድ፣ በተለይ ዓርብና ቅዳሜ ጠዋት፣ ወፈር ያለ ጎማ ባለው ብስክሌት የሚሄዱ ሰዎችን ሳታዩ አልቀራችሁም። የራስ ቁር አድርገው፣ ውሃ በጠርሙስ ይዘው አስፋልቱ ላይ ጥቂት ይሄዱና ወደ እርሻው መንገድ ታጥፈው ከዓይን ይሰወራሉ። ከነሱ መካከል የእኛም ልጆች አሉ። “አስፋልት እያለ አፈር ውስጥ ምን ሊያደርጉ ይገባሉ?” ብሎ የሚጠይቅ አባት፣ “ሰንበትስ?” የምትል እናት አትጠፋም። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው።

የበቅሎ ዘመድ

ብስክሌቱ ግራቭል ይባላል። ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው፤ ትርጉሙ ጠጠር ማለት ነው፤ መንገዱ ደግሞ እናንተ ኮረኮንች የምትሉት ዓይነት ነው። ነገሩን ለማስረዳት ከበቅሎ የተሻለ ምሳሌ የለም። የእሽቅድምድም ብስክሌት እንደ ፈረስ ነው፤ አስፋልት ላይ ይበርራል፣ ድንጋይ ላይ ግን ይሰናከላል። የተራራ ብስክሌት እንደ አህያ ነው፤ ዳገቱንም ድንጋዩንም ይችላል፣ ግን አይፈጥንም። ግራቭል የሁለቱ ልጅ ነው።

በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች እንደሚባለው፣ ይኸኛውም መሪው እንደ እሽቅድምድም ብስክሌት ወደ ታች የተጠማዘዘ ነው። ጎማውን ስታዩት ግን ሌላ ዘመድ እንዳለው ይገባችኋል። የአስፋልት ብስክሌት ጎማ ስፋቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የግራቭል ከ35 እስከ 50 ይደርሳል። አየሩም ድርቅ እስኪል አይሞላም። ጎማው ለስለስ ሲል ጠጠሩን ይውጠዋል፣ አሸዋ ላይም ቶሎ አይሰምጥም። ጎማው ከደረቀ እያንዳንዱ ጠጠር እጅና ወገብ ላይ ይደርሳል።

ከፈረንሳይ ደን እስከ አሥመራ

ይህ አጋላለብ በጣም ከተወደደባቸው አገሮች አንዷ ፈረንሳይ ናት። ከፈረንሳይ መሬት ሲሶው ገደማ ደን ነው። በደኑ ውስጥ እንጨት ለማውጣት የተጠረጉ መንገዶች አሉ፤ በወይን እርሻው መካከል የትራክተር መንገድ አለ፤ በቦዮቹ ዳር ደግሞ ድሮ ፈረሶች ጀልባ ይጎትቱበት የነበረ መንገድ አለ። ሐዲዱ የተነሳ የባቡር መስመርም ለብስክሌት ሆኗል። ጋላቢው እነዚህን እያገናኘ ከመንደር መንደር ይሄዳል። በደቡብ ምዕራብ ያለው ላንድ የሚባለው ሰፊ የጥድ ደን፣ በአብዛኛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሸዋና በረግረግ ላይ በሰው እጅ የተተከለ ነው።

ትልቁ ውድድር ቱር ደ ፍራንስም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ትሯ በምትባል ከተማ ዙሪያ በወይን እርሻዎች መካከል 32 ኪሎ ሜትር የሚሆን ነጭ የጠጠር መንገድ አስገብቶ ነበር። የዚያን ቀን ሦስተኛ የወጣው ካናዳዊው ዴሪክ ጂ የእስራኤልን ስም ለያዘው ቡድን ነበር የሚጋልበው። በዚያው ዓመት የአሥመራው ልጅ ቢንያም ግርማይ ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ወሰደ፤ ያን ማልያ የወሰደ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው። የመቀሌው ጸጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በቀረበችበት እ.ኤ.አ. በ1956፣ ሜልቦርን ላይ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በብስክሌት ተወዳድረዋል። ባሕር ዳርን የሚያውቅም ብስክሌት ለኢትዮጵያ እንግዳ እንዳልሆነ ያውቃል።

በእኛ ዙሪያ ያለው መንገድ

አሽከሎን ለዚህ የተመቸች ናት። በምዕራብ ባሕሩና አሸዋው አለ። በምሥራቅና በደቡብ የሞሻቭና የቂቡጽ እርሻዎች፣ በመካከላቸውም የትራክተር መንገዶች አሉ። አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ሲኬድ ቂቡጽ ያድ ሞርደኻይ ይገኛል። በዚያው አካባቢ የሺቅማ ወንዝ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ በበጋ ደረቅ ነው፣ ዝናብ ሲጥል ግን በድንገት ይሞላል። ከዚያ ወደ ደቡብ የቤዔሪ ደን አለ። ብዙው ዛፍ በኬሬን ካየሜት የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው፤ ሽታውን ገና ሳታዩት ታውቁታላችሁ። በጥርና በየካቲት ደግሞ ካላኒት የሚባለው ቀይ አበባ መሬቱን ያለብሰዋል። ደኑ አጠገብ እንግሊዞች በገዙበት ዘመን ድኝ ይወጣበት የነበረ ፋብሪካ ፍርስራሽ ቆሟል።

መሬቱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ባሕሩ አጠገብ አሸዋ ነው። ወደ ኔጌቭ ሲቀርብ ሎስ የሚባል ደቃቅ ቢጫ አፈር ይሆናል። ይህ አፈር ሲደርቅ እንደ አስፋልት ይጠነክራል፤ ዝናብ ሲነካው ግን እንደ ምርጊት ጭቃ ይለጥፋል፣ ጎማና ፍሬን መካከል ገብቶ ብስክሌቱን ቀጥ ያደርገዋል። ወጣቶቹ ይህን በስንት ትግል ነው የሚማሩት። እናንተ ግን አፈር በእጃችሁ ነክታችሁ፣ ደመና ዓይታችሁ፣ መንገዱ ዛሬ ያሳልፋል ወይስ አያሳልፍም የምትሉ ሰዎች ናችሁ። ከጎንደር ገጠር ተነስታችሁ፣ በሌሊት ያለ ካርታ ሱዳን የደረሳችሁ ሰዎች መካከላችን አላችሁ። ዛሬ ወጣቱ መንገዱን የሚያውቀው በስልኩ ነው።

የመንገዱ አደጋ

እነዚህ ደኖች ለጋዛ ድንበር ቅርብ ናቸው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 7 ቀን 2023 በቂቡጽ ቤዔሪ ብቻ ከመቶ በላይ ሰዎች ተገድለዋል። አሽከሎንም ምን ያህል ሮኬት እንደወረደባት እኛው ምስክሮች ነን። ስለዚህ ማንም ወደ ደቡብ ከመውጣቱ በፊት የፒኩድ ሃዖሬፍን መመሪያ ያረጋግጥ፤ የተዘጋ በር ወይም የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ያለበትን መንገድ አይለፍ።

ሕጉንም ማወቅ ይጠቅማል። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብስክሌት ሲጋልብ በማንኛውም ቦታ የራስ ቁር ማድረግ ግዴታው ነው፤ ከከተማ ውጭ ደግሞ ግዴታው ለአዋቂም ነው። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ክልክል ነው። የልጅ ልጃችሁ 14 ዓመቱ ሆኖ “ሁሉም ይጋልባል እኮ” ካላችሁ፣ እሺ አትበሉት። ብቻውን ወደ ደን አይግባ፤ ወዴት እንደሚሄድና ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ነግሮ ይውጣ። በበጋ ፀሐይ ከመበርታቷ በፊት ተመልሶ ቤቱ ይገኝ።

አደጋ አለ ብሎ መከልከል ብቻ ግን መፍትሔ አይሆንም። ከኢትዮጵያ በመጡ ሰዎች ላይ የስኳር በሽታ እዚህ ከገቡ በኋላ እየበዛ መሄዱን ሐኪሞች ደጋግመው ተናግረዋል። አገር ቤት እግር ሥራውን ይሠራ ነበር። እዚህ ከአሳንሰር ወደ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ ወደ ወንበር ሆነ። ልጁ ሁለት ሰዓት ከስልኩ ተለይቶ ላብ ሲያወጣ ቢውል ለጤናውም ደግ ነው።

መንገድ ቋንቋን ሲያድን

ከፈረንሳይ አንድ ተጨማሪ ነገር መንገር እፈልጋለሁ። በሰሜን ምዕራብ ብሪታኒ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። ሰዎቹ ከፈረንሳይኛ የተለየ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። አብዛኛው ተናጋሪ አረጋዊ ነው፤ ልጆቹ በፈረንሳይኛ ነው ያደጉት። እ.ኤ.አ. በ1977 ዲዋን የሚባሉ፣ በአገሬው ቋንቋ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ዲዋን ማለት መብቀል ማለት ነው። ገንዘብ ግን ቸገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1984፣ ያው ከሱዳን ወደዚህ የሙሴ ዘመቻ በተጀመረበት ዓመት፣ ዣን ፖል መሉዌ የሚባል ሰው ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ለማግኘት የብስክሌት ውድድር አዘጋጀ። ውድድሩ በገበሬዎች የአፈርና የድንጋይ መንገድ ያልፋል፤ መንገዶቹም በአገሬው ስማቸው ሪቢኑ ይባላሉ። ዛሬ ትሮ ብሮ ሌዮን በሚል ስም የዓለም ትልልቅ ጋላቢዎች የሚመጡበት ውድድር ነው። ያቺን የሽማግሌዎች ቃል፣ ሪቢኑን፣ አሁን የብስክሌት ወዳጅ ሁሉ ያውቃታል።

የእኛስ? እዚህ የተወለድን ብዙዎቻችን አማርኛ ስንሰማ ይገባናል፤ ስንመልስ ግን በዕብራይስጥ ነው። አቀበት፣ ቁልቁለት፣ ሸንተረር፣ ጥሻ፣ መልካ የሚሉት ቃላት ቤት ውስጥ ተቀምጠው አይመጡም። ቃላቱ የሚመጡት ቦታው ላይ ሲቆሙ ነው።

ስለዚህ ለቄሶቻችን፣ ለሽማግሌዎቻችንና ለየሰፈሩ ማትናስ አንድ ሐሳብ አለኝ። የካላኒት አበባ ሲወጣ፣ ዝናቡ ካባራ ሁለት ቀን ቆይቶ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑ ሲረጋገጥ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት ይመረጥ። ወጣቶቹ በብስክሌት በኮረኮንቹ ይምጡ፤ እናንተ በሚኒባስ ወደ ደኑ መዝናኛ ቦታ ኑ። ደን ውስጥ ካልተፈቀደ ቦታ እሳት ማንደድ ስለሚከለከል ቡናው በፔርሙስ ይያዝ። ከዚያ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር አብራችሁ በእግር ሂዱ፣ የምታዩትን ሁሉ በስሙ ጥሩላቸው፣ ያለፋችሁበትንም መንገድ አጫውቷቸው። ቀትር ሳይሆን ሁሉም ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሰንበትም ሳይነካ ይገባል።