ልጓሙን የሰበረ ሕዋስ

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የቡና ችግኝ የሚያድገው ሕዋሳቱ እየተከፈሉ፥ አንዱ ሁለት፥ ሁለቱ አራት እየሆኑ ነው። የሰውም አካል እንዲሁ ነው። ሕዋስ ከመከፈሉ በፊት የዘር መመሪያውን ገልብጦ ለሁለቱ እኩል ያካፍላል። ቁስል ሲሽር ክፍፍሉ ጋብ ይላል፤ «በቃ» የሚል ልጓም አለውና። ልጓሙ ሲበላሽ ግን ሕዋሱ ያለ ልክ ይባዛል፤ ወደ ሌላም የአካል ክፍል ይዛመታል። ካንሰር የምንለው ይህ ነው።

በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚበዛው የማኅፀን በር ካንሰር ነው። መነሻው ኤች ፒ ቪ የተባለ፥ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ብዙውን ጊዜ ሰውነት ያስወግደዋል፤ ከሰነበተ ግን የሕዋሱን ልጓም ይሰብራል። ካንሰር እስኪሆን ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ኤች አይ ቪ ባለባት ሴት ግን ይፈጥናል።

ስለዚህ ለመከላከል ጊዜ አለ። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባት ተጀመረ። ለእናቶችም የሠለጠነች ነርስ ከኮምጣጤ ጋር የሚመሳሰል ፈሳሽ ቀብታ ትመረምራለች፤ የታመመው ስፍራ ነጭ ሆኖ ይታያል፥ ካንሰር ሳይሆንም ይታከማል። በሽታው በመጀመሪያ አያምም። እንግዲህ እናቶቻችንና እኅቶቻችን «አሞኛል» እስኪሉ አንጠብቅ።