ስልክ በየኪሱ ሳለ ለፎቶ አንሺ መክፈል ያዋጣልን?

ሚኤሶ ገበያ ላይ ዋጋ የማይቆረጥለት ነገር ጥቂት ነው። የፍየሉ፣ የማሽላው፣ የጫቱና የአረፋ ልብሱ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ሁሉም ይከራከርበታል። የቤተሰብ ፎቶግራፍ ግን ከዚህ ክርክር ውጭ ነው። ፎቶ አንሺ ቤት ድረስ ተጠርቶ አያት፣ ወላጅ፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድነት የሚነሱበት ፎቶ ስንት ያወጣል ቢባል፣ “ስልክ እያለ ለምን ገንዘብ አወጣለሁ?” የሚል መልስ ይመጣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እስቲ በሂሳብ እንየው።

በአገራችን የቤተሰብ ፎቶግራፍ መጀመሪያ የቤተ መንግሥትና የባለጠጋ ጉዳይ ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰው ለቤተ መንግሥት ሠርተዋል። ፎቶ ቤት ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ሲወርድ ደግሞ ደመወዝተኛውና ነጋዴውም ቤተሰቡን አልብሶ፣ ቀለም በተቀባ መጋረጃ ፊት አሰልፎ መነሳት ጀመረ። ያን ጊዜ ፎቶ ውድ የነበረው ፊልሙና ወረቀቱ ውድ ስለነበረ ነው። ዛሬ ያ ወጪ የለም። ፊልም የሚሠራው ኮዳክ ኩባንያ ራሱ በ2004 ዓ.ም. ከአበዳሪዎቹ ከለላ ለማግኘት ፍርድ ቤት የሄደው በዚሁ ለውጥ ነው።

ታዲያ ዛሬ የሚገዛው ምንድን ነው? በእኔ ግምት ምስሉ ሳይሆን ቀኑ ነው። ሚኤሶ የመንገድና የሐዲድ ከተማ ናት። የፈረንሳዮቹ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሲቀጥል በእርሷ አልፏል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም እንዲሁ። በእንዲህ ዓይነት ከተማ ልጅ ይሄዳል። አንዱ ድሬዳዋ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ጅቡቲ ወይም ዓረብ አገር ትሆናለች። ሁሉም ለአረፋ ወይም ለሠርግ አንድ ላይ የሚገኙበት ቀን በዓመት አንድ ቢሆን ነው፤ ሽማግሌው አባት በሚቀጥለው ዓመት ስለመኖራቸውም ዋስትና የለም። እጥረት ያለበት ነገር ይህ ቀን ነው፤ ካሜራው አይደለም።

ለስሌት እንዲመች ፎቶ አንሺው ከጭሮ መጥቶ፣ ሦስት ትላልቅ እትሞችን ጨምሮ 3,000 ብር ጠየቀ እንበል። አምስት ልጆች ቢያዋጡ በነፍስ ወከፍ 600 ብር ነው። ፎቶው 20 ዓመት ግድግዳ ላይ ቢቆይ ለቤተሰቡ በዓመት 150 ብር ይደርሳል። ልጆቹን ሁሉ እንደገና ከየአሉበት ሰብስቦ ለመነሳት የትራንስፖርቱ ወጪ ብቻ ከዚህ ስንት እጥፍ እንደሚሆን አንባቢ ያስላው።

የጥራቱም ጉዳይ አለ። ሚኤሶ ቆላ ናት፤ ፀሐይዋ ከረፋድ ጀምሮ አናት ላይ ነች። ስልክ የብርሃኑን መጠን ከአጠቃላዩ ትዕይንት አመዛዝኖ ስለሚወስን፣ ከኋላ ያለው ሜዳ ሲያንጸባርቅ ፊት ይጠቁራል፤ የዓይን ጉድጓድም ጥላ ይሞላበታል። ሙያተኛ ሰዎቹን ጥላ ውስጥ አስገብቶ፣ ብርሃኑን ከፊት ለይቶ ይለካል። ሌላም አለ፦ በየቤቱ ያለውን ስልክ ከፍታችሁ ብትመለከቱ፣ ፎቶ የሚያነሳው ልጅ ከሥዕሉ ውስጥ የለም። ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጎድላል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ማስቀመጡ ነው። በ2009 ማብቂያና በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተፈጠረው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሲፈናቀል፣ የሐረርጌ አካባቢዎችም ከችግሩ አልራቁም ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ሕፃኑን አንጠልጥሎ ይወጣል እንጂ አልበም አያስታውስም። ሦስት እትም የሚታጠበውም ለዚህ ነው፤ አንዱ እዚህ ቢጠፋ ሌላው ድሬዳዋ አክስት ቤት ይገኛል። ስልክ ውስጥ ያለው ፎቶ ግን ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ውሃ ሲገባው አብሮ ይሄዳል። ውጭ አገር ያለ ልጅ ወላጆቹን ለመውሰድ ሲያመለክትም፣ በተለይ የልደት ሰርተፍኬት ካልተሟላ፣ የድሮ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ለዝምድናው እንደ ደጋፊ ማስረጃ ሊቀርብ ይችላል።

አቅርቦቱ ደግሞ እየሳሳ ነው። የትንሽ ከተማ ፎቶ ቤት የዕለት እንጀራ ጉርድ ፎቶ ነበር፤ ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሥራ ማመልከቻ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ የምንለው፣ ፎቶውን ምዝገባው ላይ ራሱ ያነሳል። ጉርድ ፎቶ በቀነሰ ቁጥር ሱቁን ክፍት የሚያደርገው ገቢ ይቀንሳል፤ ሱቁ ሲዘጋ ለቤተሰብ ፎቶ የሚጠራ ባለሙያም ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ከሩቅ ከተማ ማስመጣት ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይሆናል።

ለሚዋዋል ሰው ጥቂት ነገር። ፎቶው ሱቅ መስኮት ላይ ወይም ፌስቡክ ላይ እንዳይወጣ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሰውን ፎቶግራፍ በአደባባይ ማሳየትንም ሆነ መሸጥን ይከለክላል። እናቶች በወንድ ፊት መነሳት ካልፈቀዱ ሴት ባለሙያ መጠየቅ ነውር የለውም። ኦሪጂናሉ ፋይል በፍላሽ እንዲሰጣችሁ ተስማሙ። እትሙ በፎቶ ወረቀት ላይ ላብራቶሪ ይታጠብ፤ ተራ ማተሚያ ያወጣው በሚኤሶ ፀሐይ ቶሎ ይደበዝዛል፣ ስለዚህ ከበር ትይዩ አትስቀሉት። ቀብድ ከግማሽ አይብለጥ፣ ቀሪው እትሙ ሲደርስ ይከፈል። ቀጠሮውም ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ጥላ ፍለጋ ነው።