ከልክ በላይ የጠራ ውሃ

አርባ ሊትር የምትይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዓሣው ዓይነት ነው። ገንዳዋን በሕይወት የሚያቆዩት ግን በዓይን የማይታዩት ነዋሪዎች ናቸው።

ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ ተርፎ የሚበሰብሰው ምግብም እንዲሁ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው። በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። እሱም መርዛማ ነው፤ ሌሎች ባክቴሪያዎች ግን ተቀብለው ጉዳቱ በጣም ወደቀነሰው ናይትሬት ያደርሱታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚራቡት በዝግታ ነው። አዲስ ገንዳ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያለ ዓሣ የሚቆየው ለዚህ ነው፤ ሻጩ «ዛሬውኑ ይክተቱት» ቢልዎ አይስሙት። የማጣሪያውን ስፖንጅም በቧንቧ ውሃ አይጠቡ፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይፈጃቸዋል። ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሸዋው ላይ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ይነሰነሳል። ዲያቶም የተባለ አልጌ ነው፤ የሚመገበው ሲሊኬት ሲያልቅበት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ማታ መብራት ካጠፉ በኋላ መስታወቱ ላይ የእጅ ባትሪ ቢያበሩ ደግሞ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጡ ነጫጭ ነገሮች እየዘለሉ ሲሄዱ ያያሉ። ብዙ ሰው «ትል ገባብኝ» ብሎ ይደነግጣል። ኮፔፖዶች ናቸው፤ አልጌና የምግብ ፍርፋሪ ይበላሉ፣ ለዓሣውም ምግብ ይሆናሉ። እሰየው የሚያሰኝ ነው።

ትልቁ ስህተት የሚመጣው ከንጽሕና ፍቅር ነው። ናይትሬትና ፎስፌት ሲበዙ አረንጓዴ አልጌ ገንዳውን ስለሚወርሰው ሰው ሁለቱንም ዜሮ ለማድረግ ይታገላል። ነገር ግን በኮራል ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች እነዚህን ንጥረ ነገሮች ይፈልጋሉ፤ ሲያጡ ኮራሉ ይገረጣል። ባዶውን ቦታም ብዙ ጊዜ ዳይኖፍላጀሌት ይይዘዋል፦ አረፋ የቋጠረ፣ እንደ ንፍጥ የሚዝለገለግ ቡናማ ነገር። አንዳንዱ ዓይነት ቀንድ አውጣዎችን የሚገድል መርዝ አለው።

ብዙ አርቢዎች ናይትሬትን በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌትን ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም ያቆያሉ። የባሕር ተመራማሪው አልፍሬድ ሬድፊልድ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ባሳተመው ጥናት በባሕር ውስጥ ለአንድ የፎስፈረስ አቶም 16 ያህል የናይትሮጅን አቶም እንደሚገኝ አሳይቷል። ይህን ቁጥር እንደ ትእዛዝ የሚይዙት አሉ። የውቅያኖስ አማካይ እንጂ የገንዳ ሕግ አይደለም።

ትንሽ ገንዳ ቶሎ ይዛባል። ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል፤ ስለዚህ የጎደለውን የሚተኩት ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ነው። ፎስፌት የሚመጥ ኬሚካል ከመግዛትዎ በፊትም ውሃውን ይለኩ። ዜሮ ካሳየ ገንዘብዎን ይያዙና ለዓሣው ትንሽ ምግብ ይጨምሩለት።