ሰባቱን ከዋክብት የጠበቁ ቤተሰቦች

እስቲ አንድ ምሽት አብረን እናስብ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1507፣ ቦታው ዛሬ ሜክሲኮ ሲቲ ያለችበት የአዝቴኮች ከተማ ቴኖችቲትላን ነው። በየቤቱ እሳት ጠፍቷል። ሸክላው ተሰብሯል፤ የምድጃው ጉልቻ ሳይቀር ውኃ ውስጥ ተጥሏል። ነፍሰ ጡሯ ሚስት ወደ አውሬ እንዳትለወጥ ተብሎ ጭምብል አጥልቀውላት ጎተራ ውስጥ ዘግተውባታል። ሕፃናት ካንቀላፉ አይጥ ይሆናሉ ስለሚባል ወላጆቻቸው እየነካኩ ያነቋቸዋል። ይህን ያቆየልን የአገሩን ሽማግሌዎች ጠይቆ የጻፈው ፍራንሲስካዊው መነኩሴ በርናርዲኖ ደ ሳአጉን ነው።

ይህ ሁሉ ፍርሃት ከዘመን ቆጠራ የመጣ ነው። አዝቴኮች ሁለት መቁጠሪያ ነበራቸው። አንዱ ባለ 365 ቀን ሲሆን፣ 20 ቀን ያላቸው 18 ወራትና 5 ትርፍ ቀናት ነበሩት። (ጳጉሜን ያስታውሰናል፤ እነርሱ ግን አምስቱን ቀናት ገደ ቢስ ናቸው ብለው ይፈሯቸው ነበር።) ሌላው ባለ 260 ቀን ነው፤ 20 የቀን ምልክቶች ከ13 ቁጥሮች ጋር እየተጣመሩ ይዞራሉ። ሁለቱ በአንድነት ወደ መነሻቸው የሚመለሱት በ52 ዓመት አንዴ ብቻ ነው።

ያን ሌሊት ካህናቱ ኮረብታ ላይ ወጥተው ሰባቱን ከዋክብት ይመለከታሉ። ከዋክብቱ እኩለ ሌሊት ላይ መካከለ ሰማይን ከተሻገሩ ዓለም ለሌላ 52 ዓመት ተረፈች፤ ካልተሻገሩ ፀሐይ ዳግመኛ አትወጣም። ሲሻገሩ በሚሠዋ ሰው ደረት ላይ አዲስ እሳት ይለኮስና ለየቤቱ ይታደላል።

ያለ ቴሌስኮፕ ይህን ያህል መቁጠራቸው በእውነት ያስደንቃል። ግን ቆጠራው ጓዳም ገባ። ልጅ ሲወለድ ቀን ቆጣሪው ተጠርቶ ዕድሉን ያነባል፤ ቀኑ ክፉ ከሆነ ስም ማውጣቱ ይተላለፋል። የሠርጉንም ቀን የሚመርጠው እርሱ ነው። እናንተ ባለትዳሮች፣ «ኮከባችን ይገጥም ይሆን?» ብሎ አዋቂ ቤት የሄደ ዘመድ የላችሁም? የጋዜጣውን የኮከብ ዓምድ «ለጨዋታ ነው» እያልን የምናነበውስ?

የ1507ቱ እሳት የመጨረሻው ሆነ። ከተማዋ በ1521 በስፔናውያን እጅ ወደቀች። ተራው በ1559 ሲደርስ ፀሐይ እንደ ወትሮዋ ወጣች።

ኢዮብ 38፥31 ላይ እግዚአብሔር ኢዮብን የጠየቀው ስለ እነዚሁ ከዋክብት ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ምሽት ላይ በግልጽ ይታያሉ። ልጆቻችሁን ወደ ደጅ አውጥታችሁ አሳዩአቸው፤ ዘፍጥረት 8፥22ን አንብቡላቸው፤ ከዚያም ጸልያችሁ አስተኟቸው።