አገናኙ ከፋብሪካው በር አይመለስ

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመርቆ ሲከፈት፣ በሙሉ ኃይሉ በሠራ ጊዜ በሁለት ፈረቃ 60,000 ያህል ሠራተኞችን እንዲይዝ የታሰበ ነበርና፣ የስፌት መኪና አይታ የማታውቀውን የገጠር ልጅ በማን አማካይነት ፈልጎ፣ በምን መዝኖ፣ እንዴትስ አስተምሮ ከፋብሪካው ደጅ ማድረስ እንደሚቻል ማሰብ፣ ሕንጻውን ከማነጽ ይልቅ የከበደ ነገር ሆኖ ተገኘ።

የከበደበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ባለ ፋብሪካው የሚፈልጋት ሠራተኛ በየትኛው ቀበሌ እንደምትኖር አያውቅም፤ እርሷም የደመወዙን ልክና የከተማውን የቤት ኪራይ አስቀድማ የምታውቅበት መንገድ የላትም፤ ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ባለ ፋብሪካ፣ ገንዘቡን አውጥቶ ተግባረ እድ ያስተማራትን ልጅ ጎረቤቱ ጥቂት ብር ጨምሮ እንዳይወስድበት ስለሚሠጋ፣ ሁሉም የሚሻውን ሥልጠና ለመስጠት የሚቀድም አይገኝም። ስለዚህ ወጪውን ለሁሉ የሚያከፋፍል፣ በሁለቱም ወገን የሚታመን፣ ከመካከል የሚቆም አካል የግድ ያስፈልጋል።

በሐዋሳ ይህን ተግባር የያዘው፣ የያኔው የደቡብ ክልል መንግሥት ከባለ ፋብሪካዎቹና ከልማት ድርጅቶች ጋር ተባብሮ የዘረጋው የምልመላ ሥርዓት ነበር። ወጣቲቱ በአካባቢዋ ትመዘገባለች፤ ከመመዘኛው ጣቢያ ቀርባ የጣቶቿ ቅልጥፍና ይፈተናል፤ ደረጃዋ ከወጣ በኋላ ወደ ሐዋሳ ተልካ ስለ ሥራ ሥነ ሥርዓትና ስለ ከተማ ኑሮ አጭር ትምህርት ትቀበላለች። ይህን ሥራ ከልብ አደንቃለሁ፤ የአንዲት ድኻ ልጅ ዕድል በደላላ እጅ ከመውደቅ ተርፎ በምዘና መወሰኑ ቀላል ነገር አይደለምና።

ዳሩ ግን አገናኙ ከፋብሪካው በር ተመለሰ። በአገራችን ልማድ ያጋቡ ሽማግሌዎች ሠርጉ ሲያልፍ ሥራቸው አያበቃም፤ ባልና ሚስት የተጣሉ እንደ ሆነ ተመልሰው የሚጠሩት እነርሱው ናቸው። ይህች ልጅ ግን ሦስትና አራት ሆነው በተከራዩአት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ደመወዟን ለኪራይ፣ ለምግብና ለወላጆቿ ስታካፍል፣ የሚጠራላት ሽማግሌ አልነበራትም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ትምህርት ቤት ጥናት፣ የፓርኩ ሠራተኞች የመነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደ ነበረና በመጀመሪያው ዓመት የለቀቁት ሠራተኞች ቁጥር ከጠቅላላው የሠራተኛ ብዛት ጋር የሚተካከል እንደ ነበረ ገልጿል። ለምልመላና ለሥልጠና የወጣው ገንዘብ ከተቀደደ ጆንያ እንደሚፈስ እህል ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ኢትዮጵያ ከ2014 ዓ.ም. አጋማሽ ግድም፣ ወደ አሜሪካ ገበያ ያለ ቀረጥ ከሚያስገባው የአጎዋ ዕድል ወጣች፤ መልማዩ ክልል ራሱም ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በአራት ክልሎች ተከፈለ። ዛሬ ከወላይታ ተነሥታ ሐዋሳ የምትሠራ ልጅ ከደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ወደ ሲዳማ ክልል ትሻገራለች፤ የሥራ ገበያው ግን እንደ ቀድሞው አንድ ነው።

ስለዚህ የአራቱ ክልሎች ሹማምንት ከባለ ፋብሪካዎቹና ከሠራተኞቹ እንደራሴዎች ጋር ተቀምጠው፣ የጋራ በጀት ያለው አንድ አገናኝ አካል እንዲያቋቁሙ እጠይቃለሁ። የሥራውም መለኪያ ስንት ልጆች እንደ ተመለመሉ መሆኑ ቀርቶ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ስንቶቹ በሥራቸው እንደ ቆዩና ኪራያቸውን ከፍለው ምን እንደ ተረፋቸው ይሁን።