ከብት የሌላቸው የወንዝ ሰዎች

«ሀይ ጀላባ» ሲባል ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ቶሎ የሚደርሰው ጀልባ ነው። ስሙ ግን ከጀልባ ጋር ዝምድና የለውም። «ሀይ» በዐረብኛ ሰፈር ማለት ሲሆን «ጀላባ» የሚባሉት ደግሞ በቀድሞ ዘመን እስከ መተማ ገበያ ይመላለሱ የነበሩት የሰሜን ሱዳን ሲራራ ነጋዴዎች ናቸው። በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ የሚገኘው ይህ ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ከተማይቱ ስትቆረቆር የግሪክ ነጋዴዎች ሠፍረውበት ነበር። እኛ ወደዚያ የዘለቅነው ግን ንግዱን ለማየት ሳይሆን በከተማይቱ ገበያ የሚሸጠውን ዓሣ ከውሃ የሚያወጣውን ሰው ኑሮ ለመረዳት ነው።

ጁባ ባሕር የላትም፤ ወደቧ ነጭ ዓባይ ነው። ከገበያው መደብ ላይ ቆሮሶውና አምባዛው፣ ከሰው ቁመት የሚስተካከል ሊሆን የሚችለው የናይል ፐርችም ተዘርግቶ ይታያል። ትኩሱ በአብዛኛው ከቅርብ ይመጣል፤ በፀሐይ የደረቀውና በጨው የታሸው ደግሞ በስተሰሜን ከሚገኙት ከተረከካና ከቦር አካባቢ ይጫናል። ከቦር ወዲያ ወንዙ ዳርቻውን ይስትና ሱድ የተባለው ሰፊ ረግረግ ይሆናል። በዚያ ሰዎች ከውሃው በጥቂቱ ከፍ ባሉ ደሴቶች ላይ ጎጆ ቀልሰው፣ ከግንድ በተፈለፈለ ታንኳ እየቀዘፉ መረብ ይጥላሉ። ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲሸሽ በየኩሬው የቀረውን ዓሣ የመንደሩ ሰው በአንድነት ወርዶ በጦር ይወጋል። ሥራው የጭዋታ ያህል የሚያስደስት ቢመስልም፣ አዞና ጉማሬ ባለበት ውሃ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ከዲንቃ ወገን የሆኑት እነዚህ የወንዝ ሰዎች «ሞኒታኝ» ይባላሉ። ክብር በከብት ቁጥር በሚለካበት አገር ከብት ስለሌላቸው ጎረቤቶቻቸው እንደ ድኻ ሲቆጥሯቸው ኖረዋል። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በጣና ዳር የደንገል ታንኳ የሚሠራው የነገደ ማኅበረሰብ፣ ጎረቤቱ ዓሣውን እየበላ ሲንቀው ኖሯል።

እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በተከታታይ ዓመታት የደረሰው ጎርፍ ግን የሀብቱን ሚዛን አናግቶታል። ከብቱ በውሃ ያለቀበት አርቢ ብዙ ነው፤ ከእነርሱም መረብ ይዞ ወደ ውሃ የወረደው ጥቂት አይደለም።

አስጋሪውን የሚያሠጋው የውሃው መብዛት ብቻ አይደለም። ረግረጉን አቋርጦ ውሃውን ወደ ሰሜን ለማሳለፍ የታቀደው የ360 ኪሎ ሜትር የጆንግሌይ ቦይ ቁፋሮ እ.ኤ.አ. በ1978 ተጀምሮ፣ ከግማሽ በላይ ከሄደ በኋላ በ1984 በጦርነት ምክንያት ቆሟል። ግዙፉ መቆፈሪያ እዚያው ዝጎ ቀርቷል። ሥራው ይቀጥል የሚለው ሐሳብ በ2022 እንደገና ተነሥቶ አከራክሯል። ጎርፍ ላማረረው ገበሬና አርቢ ቦዩ መፍትሔ ይመስል ይሆናል። ለሞኒታኝ ግን የረግረጉ መጥበብ መረብ የሚጣልበት ውሃ መጥበብ ነው፤ በክርክሩ ውስጥ የእርሱ ድምፅ ሲጠቀስ አልሰማንም።