ከስንት?

ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ «18 አመጣሁ» ሲል እናት ቀድማ የምትጠይቀው «ከስንት?» ብላ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲነገር ግን ይህን ጥያቄ እንረሳዋለን።

50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። አንዱ «ትምህርታችን እያገገመ ነው» ይላል፤ ሌላው «ፈተናው ቀልሎ ነው» ብሎ ይሞግታል። ክርክሩ ሁሉ ስለ ላዕሉ፣ ማለትም ስላለፉት ብዛት ነው። ታህቱን፣ ማለትም የተፈታኞቹን ብዛት የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው።

በ2015 ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው 27,267 አለፉ። በ2017 የተፈታኞቹ ቁጥር ወደ 586 ሺህ ገደማ ወረደ፤ ያለፉት ደግሞ 48,929 ሆኑ። የአላፊዎቹ ብዛት እጥፍ እንኳ አልሞላም፤ በመቶኛው ግን ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ አደገ። የ2017 አላፊዎችን ለ2015 ተፈታኞች ብናካፍላቸው የምናገኘው 5.8 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ያለው የመጣው ታህቱ በማነሱ ነው።

ታዲያ ከተፈታኞቹ ቁጥር የጎደለው ይህ ሩብ ሚሊዮን ገደማ ልጅ የት ገባ? በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ምክንያት ለፈተና ያልተቀመጡት ብዙ ናቸው። ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ልጅ በስሌቱ «ወደቀ» አይባልም፤ ጭራሽ ከስሌቱ ይወጣል። ስለዚህ ችግር ባየለ ቁጥር በመቶኛው ሊያምር ይችላል። ለእኔ ከፈተናው መቅለልና መክበድ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ታህቱ ሲረሳ ትምህርት ቤቶችም ያላግባብ ይፈረድባቸዋል። «አንድም ተማሪ ያላሳለፉ» ተብለው የሚቆጠሩትን እንውሰድ። በአገሪቱ ያለ ተማሪ ሁሉ የማለፍ ዕድሉ እኩል 3.2 በመቶ ነው እንበል። 20 ተማሪ ያስፈተነ ትምህርት ቤት አንድም ሳያሳልፍ የመቅረት ዕድሉ 52 በመቶ ነው፤ 100 ያስፈተነው ግን 4 በመቶ ብቻ። መምህሩም መጽሐፉም አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ ትንሹ ትምህርት ቤት ዜሮ የሚሆነው በትንሽነቱ ነው። እርግጥ በእውነት የተዳከሙ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ዜሮው ብቻውን ግን ከትንሾቹ አይለያቸውም።

በአላፊዎች በመቶኛ ርዕሰ መምህር የሚወቀስበትና የሚመሰገንበት ከሆነ ደግሞ አደጋው ይብሳል። በመቶኛን ለማሳደግ ሁለት መንገድ አለ፦ ማስተማር፣ ወይም ደካማውን ልጅ 12ኛ ክፍል ሳይደርስ ማስቀረት። ሁለተኛው በጣም ቀላል ነው።

መሻሻል የለም እያልኩ አይደለም። ያለፉት በ21,662 መጨመራቸው ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ጥያቄዎቹ በየዓመቱ ስለሚቀያየሩ፣ ዓመታቱን የሚያስተሳስሩ የጋራ ጥያቄዎች በምስጢር ተይዘው ካልተደጋገሙ በቀር ጭማሪው ከዕውቀት ይሁን ከፈተናው መለየት ያስቸግራል።

ስለዚህ ውጤት ሲገለጽ ከበመቶኛው ጎን ሦስት ቁጥሮች አብረው ይነገሩ፦ ከአራት ዓመት በፊት 9ኛ ክፍል የገቡት፣ ለፈተና የተመዘገቡትና የተቀመጡት። ያኔ ያለፈውን ብቻ ሳይሆን፣ መንገድ ላይ የቀረውንም ልጅ እንቆጥረዋለን።